ፕሪንት ካላችሁ በኋላ፣ ወረቀቱ ከመውጣቱ በፊት

ስድስት ኪሎ አካባቢ ኮፒ ቤት ነው የምሠራው። ደንበኞቻችን በአብዛኛው ተማሪዎች ናቸው። የመመረቂያ ጽሑፍ፣ አሳይመንት፣ ሲቪ፣ የኤምባሲ ፎርም ይዘው ይመጣሉ። ፍላሽ ይሰጡኛል፣ ካልሆነም በቴሌግራም ይልኩልኛል። ወረቀቱ ተበላሽቶ ሲወጣ ሁሉም ዓይኑን የሚተክለው ማሽኑ ላይ ነው። «እህቴ፣ ማሽንሽ ችግር አለበት እንዴ?» ይሉኛል። ማሽኑ ግን አብዛኛውን ጊዜ ንጹህ ነው። የተላከለትን ነው ያተመው። ነገሩ የተበላሸው ማሽኑ ጋ ሳይደርስ ነው።

እንደኛ ላለ ሥራ ይሄን ማወቅ ትርፍ እውቀት አይደለም። እያንዳንዱ ወረቀት የአንድ ሰው ገንዘብ ነው። መቶ ምናምን ገጽ ጽሑፍ ሁለቴ ማሳተም ለተማሪ ቀላል ወጪ አይደለም። ስህተቱ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ሰው ግን አንድ ገጽ አውጥቶ አይቶ ያስተካክለዋል። ስለዚህ ከፕሪንት ቁልፉ ጀርባ ያለውን መንገድ እንደገባኝ ልንገራችሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንያዝ። ዎርድም ሆነ ኤክሴል፣ ክሮምም ሆነ ፎቶሾፕ፣ ከፕሪንተሩ ጋር በቀጥታ አያወሩም። መሃል ላይ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ፣ ማለትም እንደ ዊንዶውስ ያለው ኮምፒውተሩን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም አለ። ፕሮግራሙ ገጹ ምን እንደሚመስል ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ይነግረዋል። ያንን ወደ ፕሪንተሩ ቋንቋ አስቀይሮ፣ ወረፋ አስይዞ፣ በኬብል ወይም በዋይፋይ የሚያደርሰው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ከዊንዶውስ በፊት በነበረው በዶስ ዘመን መሃል ላይ ማንም የለም። እያንዳንዱ ፕሮግራም የየፕሪንተሩን ድራይቨር፣ ማለትም ፕሪንተሩን በሚገባው ቋንቋ የሚያናግረውን ትንሽ ፕሮግራም፣ ራሱ ይዞ ይመጣል። በሰማንያዎቹ ገበያውን የያዘው ዎርድፐርፌክት ከሚወደድባቸው ነገሮች አንዱ በጣም ብዙ ዓይነት ፕሪንተር ማወቁ ነበር። አዲስ ፕሪንተር ስትገዙ የጽሑፍ ፕሮግራማችሁ ያውቀው ይሆናል፣ የሒሳብ ፕሮግራማችሁ ግን አያውቀውም። ያው ኮምፒውተር፣ ያው ኬብል፣ ያው ማሽን ሆኖ አንዱ ያትማል፣ ሌላው አያትምም። ፕሮግራም የሚሠራ ሰው ሥራው ፕሮግራም መጻፍ ብቻ አልነበረም፤ ገበያ ላይ ያለውን ፕሪንተር ሁሉ ማጥናትም ነበር።

በ1984 ማኪንቶሽ፣ በ1985 ደግሞ የመጀመሪያው ዊንዶውስ ሲመጡ ሐሳቡ ተለወጠ። ፕሮግራሙ ስክሪን ላይ ለመሳል የሚጠቀምበትን ትእዛዝ ወረቀት ላይም ይጠቀምበት ተባለ። «እዚህ ጋ መስመር አስምር። እዚህ ጋ በዚህ ፎንት ይሄን ጽሑፍ አስቀምጥ።» ትእዛዙ ያው ነው። የሚለየው የሚሳልበት ነገር ነው። የማክ የስዕል ክፍል ኩዊክድሮው ይባላል፣ የዊንዶውሱ ጂዲአይ። ፕሪንተር የሚሠራው ድርጅት አንድ ድራይቨር ይጽፋል፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ፕሮግራም ያንን ፕሪንተር ያውቀዋል። በኔ እምነት በኮምፒውተር ሥራ ውስጥ ከታሰቡት ሐሳቦች ሁሉ ከምርጦቹ አንዱ ይሄ ነው። ዛሬም ኮፒ ቤት ውስጥ የማያቸው ችግሮች አብዛኞቹ የሚመጡት ይሄ ሐሳብ በሆነ ቦታ ሲጣስ ነው።

አሁን ፕሪንት ስትሉ ዊንዶውስ ላይ የሚሆነውን በቀስታ እንየው።

ፕሮግራሙ በመጀመሪያ ዊንዶውስን ስለተመረጠው ፕሪንተር ይጠይቃል። ወረቀቱ ስንት በስንት ነው? በአንድ ኢንች ስንት ነጥብ ያስቀምጣል? ጠርዙ ላይ ማተም የማይችለው ቦታ የቱ ነው? አብዛኛው የቢሮ ፕሪንተር እስከ ወረቀቱ ጫፍ ድረስ ማተም አይችልም። ዙሪያውን ጥቂት ሚሊሜትር ባዶ ይተዋል። ፕሮግራሙ መልሱን ከያዘ በኋላ ሥራ ጀመርኩ ይላል፣ ገጽ ጀመርኩ ይላል፣ ገጹን ይስላል፣ ገጹን ጨረስኩ ይላል፣ ወደ ቀጣዩ ይሄዳል።

እዚህ ጋ ቁጥሩን ማየት ደስ ይላል። አንድ ኤ4 ወረቀት በ600 ነጥብ ጥራት ሲታተም ወደ ጎን 4960፣ ወደ ታች 7016 ነጥብ አለው። ሲባዛ ከ34 ሚሊዮን ይበልጣል። የተለመደው 1920 በ1080 የሆነው ስክሪን ሁለት ሚሊዮን ገደማ ነው ያለው። አንድ ተራ ወረቀት ከስክሪናችሁ ከ16 ጊዜ በላይ ነጥብ ይይዛል ማለት ነው። ስክሪን ላይ አምሮ የሚታይ ከፌስቡክ የወረደ ሎጎ ወረቀት ላይ ጠርዙ ተሸራርፎ የሚወጣው ለዚህ ነው። ምስሉ ወረቀቱን የሚሞላ በቂ ነጥብ የለውም። ጽሑፍ ግን አይሸራረፍም። ፎንት የተሠራው በነጥብ ሳይሆን በመስመር ስለሆነ በየትኛውም ጥራት አዲስ ሆኖ ይሳላል።

ዊንዶውስ እነዚህን ነጥቦች ወዲያው አያሰላም። ብዙ ጊዜ ፕሮግራሙ የሰጠውን የስዕል ትእዛዝ ብቻ መዝግቦ ፋይል ላይ ያስቀምጣል። ስፑለር የሚባለው አገልግሎት ፋይሉን ተረክቦ ወረፋ ያስይዘዋል። ወፍጮ ቤት እህል አስረክቦ ወደ ጉዳይ እንደመሄድ ነው። ፕሮግራሙ ቶሎ ነጻ ይወጣል፣ እናንተም መጻፋችሁን ትቀጥላላችሁ። ፕሪንተሩ በራሱ ፍጥነት ይሠራል።

ወረፋው ሲታነቅ ምን እንደሚደረግ ሁሉም ሊያውቀው ይገባል። አንድ ሥራ ይበላሽና ዲሊት ስትሉት «ዲሊቲንግ» እንዳለ ይቀራል። ከኋላው ያሉት ሁሉ ይቆማሉ። ፕሪንተሩን ማጥፋትና ማብራት ብዙ ጊዜ ለዚህ መፍትሔ አይሆንም፣ ምክንያቱም የታነቀው ሥራ ያለው ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው። ሰርቪስስ የሚለውን ክፈቱና ፕሪንት ስፑለርን አቁሙት። ከዚያ ሲ ድራይቭ ውስጥ ዊንዶውስ፣ ሲስተም32፣ ስፑል፣ ፕሪንተርስ የሚለው ፎልደር ድረስ ሂዱ። እዚያ ለእያንዳንዱ ሥራ ሁለት ፋይል ታያላችሁ። አንዱ ኤስፒኤል ነው፣ የሚታተመውን የያዘ። ሁለተኛው ኤስኤችዲ ነው፣ የማን ሥራ እንደሆነና በምን ሴቲንግ እንደሚታተም የያዘ። ውስጡ ያሉትን አጥፉና ስፑለሩን መልሳችሁ አስነሱት። ፎልደሩን ራሱን ግን አትንኩት። ሰው ተሰልፎ ባለበት ሰዓት ኮምፒውተር ሪስታርት ከማድረግ ያድናችኋል። ወረፋ ላይ የነበረው የሌላ ሰው ሥራም አብሮ እንደሚጠፋ ግን አትርሱ። መጀመሪያ ጠይቁ።

ከስፑለሩ ቀጥሎ ተረኛው ድራይቨሩ ነው። የተመዘገበውን ስዕል ፕሪንተሩ ወደሚገባው ቋንቋ ይቀይራል። እነዚህ ቋንቋዎች ብዙ ናቸው። ኤችፒ የራሱ ፒሲኤል አለው። ፖስትስክሪፕት ደግሞ ጆን ዋርኖክና ቻርልስ ጌሽኪ በ1982 ያቋቋሙት አዶቤ ያወጣው ነው። በ1985 የወጣው የአፕል ሌዘርራይተር ፖስትስክሪፕትን የሚረዳ የራሱ ኮምፒውተር ውስጡ ነበረው። ያኔ ከሚያዘው ማኪንቶሽ የበለጠ ፈጣን ፕሮሰሰር ነበረው። ዋጋው 6,995 ዶላር ነበር። ገጹን ወደ ነጥብ የሚቀይረው ፕሪንተሩ ራሱ ነው፣ ኮምፒውተሩ የገጹን መግለጫ ብቻ ይልካል።

ርካሾቹ ፕሪንተሮች የሄዱት በተቃራኒው መንገድ ነው። ሐሳቡን ሁሉ ኮምፒውተሩ ያስብ፣ ፕሪንተሩ ነጥቡን ብቻ ይቀበል ተባለ። እንደነ ኤችፒ ሌዘርጄት 1020 ያሉት እንዲህ ናቸው። 1020 ሲጠፋ የሚሠራበትን ፕሮግራም እንኳን ይረሳዋል። በበራ ቁጥር ድራይቨሩ እንደገና ይጭንለታል። ይሄ ስድብ አይደለም። እንዲህ ባይሠራ ኖሮ ዋጋው ትንንሽ ኮፒ ቤቶች የሚችሉት አይሆንም ነበር። ግን አንድ ነገር ያስከትላል፦ ድራይቨር ከሌለ ማሽኑ በሙሉ ጤንነቱ ቆሞ ምንም አይሠራም። ወደዚህ በኋላ እመለሳለሁ፣ ምክንያቱም መጪው ጊዜ የሚያሳስበኝ በዚህ በኩል ነው።

ወደ ፎንት ልግባ። እኛ አገር ከሁሉም በላይ ወረቀት የሚያበላሸው እሱ ነው።

ፕሮግራሙ ለዊንዶውስ «ይሄን ጽሑፍ በዚህ ፎንት ሳል» ነው የሚለው። ፎንቱ ያ ኮምፒውተር ላይ ከሌለስ? ዊንዶውስ ሌላ ይተካል። እስከ 1992 ድረስ ዊንዶውስ ላይ የስክሪኑ ፎንትና የፕሪንተሩ ፎንት ለየቅል መሆናቸው የተለመደ ነበር። በዚያ ዓመት ዊንዶውስ 3.1 ትሩታይፕን ይዞ ሲመጣ አንድ የፎንት ፋይል ለሁለቱም ማገልገል ጀመረ። ለላቲን ተጠቃሚ ነገሩ በዚህ ተቃለለ። ለኛ ግን ሌላ ጣጣ ነበረብን። የያኔው ፎንት 256 ቦታ ነበረው። የአማርኛ ፊደል ከነቁጥሩና ከነሥርዓተ ነጥቡ እዚያ ውስጥ አይበቃም። ስለዚህ የድሮዎቹ የግዕዝ ፕሮግራሞች ፊደሉን ለሁለትና ከዚያ በላይ ፎንት ከፋፍለው፣ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ አስቀመጡት። ፋይሉ ውስጥ የተጻፈው በእውነቱ ላቲን ነው። «ሀ» መስሎ የሚታየን ፎንቱ ስለቀባው ነው።

ዩኒኮድ ለየቋንቋው ፊደል የየራሱን ቁጥር የሚሰጥ ዓለም አቀፍ ደረጃ ነው። በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ ግዕዝ የራሱን ቦታ አገኘ። ዊንዶውስ ቪስታ በ2007 ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ ለገበያ ቀረበ። ከዚያ በኋላ የተጻፈ የዩኒኮድ ጽሑፍ ፎንቱ ባይኖር እንኳን በሌላ የግዕዝ ፎንት ይወጣል፣ መልኩ ቢለወጥም ይነበባል። የድሮው ግን እንዲህ አይደለም። ፎንቱ ከሌለ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ነው የሚወጣው። አንድ አባት ለፍርድ ቤት የሚሆን የቆየ ማመልከቻ በፍላሽ አምጥተው ዎርድ ላይ ስከፍተው ያ ዝብርቅርቅ ወጣ። «ልጄ፣ ቫይረስ በልቶታል ማለት ነው?» አሉኝ። «አይደለም አባባ፣ ጽሑፉ አለ። የተጻፈበት ፎንት እዚህ ኮምፒውተር ላይ ስለሌለ ነው» አልኳቸው። ፎንቱን ስንጭን ፊደሉ ተመለሰ። ፊታቸው ሲበራ ማየት ነበረባችሁ።

ማስተዋል ያለብን ሌላም ነገር አለ። ብዙ ፕሪንተሮች አንዳንድ የላቲን ፎንቶችን በውስጣቸው ይዘው ነው የሚመጡት። ድራይቨሩ ብልህ ልሁን ብሎ የኮምፒውተሩን ፎንት ትቶ «ያንተን ተጠቀም» ሊል ይችላል። እኛ ጋ ያሉት ፕሪንተሮች ግዕዝን በውስጣቸው አልያዙም። ስለዚህ የአማርኛ ፊደል ሁልጊዜ ከኮምፒውተሩ ተልኮለት ነው የሚታተመው። በዚህ መንገድ ላይ አንዱ ሲሳሳት፣ ስክሪን ላይ ጥርት ያለው ፒዲኤፍ ወረቀት ላይ አራት ማዕዘን ሳጥን ሆኖ ይወጣል። መፍትሔው አክሮባት ሪደር ላይ ፕሪንት ብላችሁ አድቫንስድ ውስጥ ገብታችሁ «ፕሪንት አዝ ኢሜጅ»ን መምረጥ ነው። ያኔ ጽሑፉ ጽሑፍ መሆኑ ይቀርና ገጹ በሙሉ ስዕል ሆኖ ይሄዳል። ትንሽ ይዘገያል እንጂ ይወጣል።

ፒዲኤፍን ካነሳን፣ ለተማሪዎች ደጋግሜ የምናገረው ነገር አለ። ጽሑፋችሁን በዎርድ አታምጡልኝ፣ በፒዲኤፍ አምጡልኝ። ዎርድ ገጹን የሚደለድለው እዚያ ኮምፒውተር ላይ ባሉት ፎንቶችና በተመረጠው ፕሪንተር ላይ ተመሥርቶ ነው። የናንተ ላፕቶፕ ላይ ገጽ 34 ላይ የነበረው ሠንጠረዥ እኔ ጋ ሲከፈት ገጽ 35 ላይ ሊያርፍ ይችላል። ማውጫው ያው 34 ይላል። አማካሪያችሁ ያንን አይተው ይመልሱታል። ፒዲኤፍ ግን ድልድሉ ያለቀለት ገጽ ነው። ፎንቱንም፣ ቢያንስ የተጠቀማችሁባቸውን ፊደላት፣ በውስጡ ሊይዝ ይችላል። አዶቤ በ1993 ያወጣው ለዚሁ ነበር፦ ሰነድ የትም ኮምፒውተር ላይ ቢከፈት መልኩ እንዳይለወጥ። ዎርዱን የግድ ማምጣት ካለባችሁ ኦፕሽንስ ውስጥ ሴቭ የሚለው ጋ ገብታችሁ ፎንቱ ከፋይሉ ጋር እንዲቀመጥ ምልክት አድርጉበት።

ዊንዶውስ 10 ከመጣበት ከ2015 ጀምሮ ከፕሪንተሮቹ ዝርዝር ውስጥ «ማይክሮሶፍት ፕሪንት ቱ ፒዲኤፍ» የሚል አለ። ማሽን የለም፣ ስሙ ግን ፕሪንተር ነው። ይሄ የሚያምረኝ የመጀመሪያውን ሐሳብ ስለሚያሳይ ነው። ፕሮግራሙ የሚያውቀው ገጹን መሳል ብቻ ስለሆነ፣ ወዲያ ማዶ ያለው ቶነር ይሁን ፋይል አይገደውም። ማክ ላይ ይሄ ከማክ ኦኤስ ኤክስ መጀመሪያ፣ ከ2001 ጀምሮ ነበር። የስዕል ሥርዓቱ ራሱ በፒዲኤፍ ሐሳብ ላይ ስለተሠራ የፕሪንት መስኮቱ ውስጥ የፒዲኤፍ ምርጫ አለ።

አሁን ደግሞ ሴቲንግ ላይ ስለሚፈጠረው ግጭት። ፕሪንት ስትሉ የሚመጣው መስኮት አንድ ይመስላል፣ ግን የሁለት ባለቤቶች ነው። ከፊሉ የፕሮግራሙ ነው፣ «ፕሮፐርቲስ» ስትሉ የሚከፈተው ደግሞ የድራይቨሩ። ዊንዶውስ ሁለቱ የሚነጋገሩበት አንድ የጋራ ቅጽ አለው። የቅጹ ግማሽ ለሁሉም የታወቀ ነው፦ የወረቀት መጠን፣ የኮፒ ብዛት፣ ቁም ወይስ አግድም፣ ሁለት ገጽታ ወይስ አንድ። ሌላው ግማሽ የድራይቨሩ ምሥጢር ነው፣ ፕሮግራሙ ምን እንደሚል አያውቅም። ጣጣው እዚህ ነው። አንድ ሰው አክሮባት ላይ «በአንድ ወረቀት ሁለት ገጽ» ይላል። ድራይቨሩ ላይ ደግሞ ከትናንት የቀረ «በአንድ ወረቀት ሁለት ገጽ» አለ። አክሮባት ሁለቱን አንድ ያደርጋል፣ ድራይቨሩ ያንን ሌላ ገጽ ብሎ እንደገና ሁለት ሁለት ያጣምራል። በአንድ ወረቀት ላይ አራት ገጽ፣ ፊደሉ የማይነበብ ሆኖ ይወጣል። የኮፒ ብዛትም እንዲሁ ተባዝቶ ሊወጣ ይችላል። የኔ ደንብ ቀላል ነው፦ ድራይቨሩን ሁልጊዜ በመጀመሪያ ሴቲንጉ ተዉት፣ የምትፈልጉትን ፕሮግራሙ ላይ ብቻ ቀይሩ። የሁለት ገጽታ ህትመትን ግን ድራይቨሩ ላይ አድርጉ፣ ወረቀቱን የሚገለብጠው ማሽኑ ስለሆነ።

ከአሜሪካ የሚላክ ፎርም ሌላው ነው። ዲሲ ያለች እህት የስፖንሰር ወረቀት ትልካለች፣ እዚህ ያለው ወንድም ሊያሳትም ይመጣል። ፋይሉ የተሠራው በሌተር ወረቀት ነው። ሌተር 216 በ279 ሚሊሜትር ነው፣ የኛ ኤ4 210 በ297። ፕሮግራሙ ሌተር ነው ብሎ ይልካል፣ ፕሪንተሩ ትሪው ውስጥ ያለው ኤ4 ነው ይላል። መብራቱን እያብለጨለጨ ወረቀት ይጠብቃል። ሰው ተበላሸ ብሎ ኬብል ይነቅላል። ያልተበላሸ ማሽን ነው፤ በትክክል የተጠየቀውን ወረቀት እየጠበቀ ነው። ኤ4 መርጣችሁ «ፊት» (Fit፣ በወረቀቱ ልክ አድርገው) ብትሉት ያልቃል። አንዳንድ የኤምባሲ ፎርም ግን ባርኮድ አለውና መጠኑ እንዳይቀየር የሚል ማሳሰቢያ ካለበት አንብቡት።

ክሮም ላይ ስታትሙ የሚመጣው መስኮት የክሮም የራሱ ነው። ባክግራውንድ ግራፊክስ የሚለው ብዙውን ጊዜ ምልክት ስለሌለበት ቀለም የተቀቡ ሳጥኖች ነጭ ሆነው ይወጣሉ። እሱን ምልክት ማድረግ በቂ ነው። የዊንዶውሱን መስኮት ከፈለጋችሁ ዊንዶውስ ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ፒን አብራችሁ ተጫኑ።

ሊኑክስ በሚባለው ነጻ ኦፐሬቲንግ ሲስተምና ማክ ላይ መሃል ያለው ከፕ (CUPS) የሚባል ሥርዓት ነው። ማይክል ስዊት የሚባል ሰው ነው የጀመረው፣ በ1999 ለሕዝብ ወጣ። አፕል በ2002 ማክ ውስጥ አስገባው፣ በ2007 ደግሞ ስዊትን ቀጥሮ ኮዱንም ገዛው። ሁሉም ሰው የሚያየው ክፍት ኮድ ነው። ከፕ የሚናገረው አይፒፒ የሚባለውን የኢንተርኔት የህትመት ቋንቋ ነው፣ በ631 ቁጥር የኔትወርክ በር (ፖርት) ይገባል። ፕሮግራሙ ብዙ ጊዜ ፒዲኤፍ ይሰጠዋል። ከዚያ ማጣሪያዎች የሚባሉ ትንንሽ ፕሮግራሞች አንዱ ለአንዱ እያቀበሉ ወደ ፕሪንተሩ ቋንቋ ያደርሱታል። ስህተት ሲኖር የትኛው ማጣሪያ ጋ እንደቆመ መዝገቡ ላይ ማየት ይቻላል። ዊንዶውስ ላይ የምመኘው ይሄን ነው።

አይፒፒ ትልቁን ለውጥ ያመጣው በስልክ በኩል ነው። አይፎን ድራይቨር የሚጫንበት ቦታ የለውም። አፕል በ2010 ኤርፕሪንትን ሲያወጣ ነገሩን ገለበጠው። ፕሪንተሩ ራሱ ኔትወርኩ ላይ «እዚህ አለሁ» ይላል። ምን ወረቀት እንዳለው፣ ቀለም ይችል እንደሆነ፣ የቱን የፋይል ዓይነት እንደሚቀበል ሲጠየቅ ይመልሳል። ሁሉም የሚስማማበት አንድ የምስል ዓይነት ይቀበላል። ድራይቨር አያስፈልግም። በ2013 ካኖን፣ ኤችፒ፣ ሳምሰንግና ዜሮክስ ሞፕሪያ የሚባል ማኅበር አቋቁመው ለአንድሮይድም መንገዱን አመቻቹ።

ዊንዶውስ ወደዚህ እንዲቸኩል ያደረገው ደኅንነት ነው። ስፑለሩ ዊንዶውስ ውስጥ ከፍተኛው ሥልጣን አለው፣ ከውጭ የመጣ ድራይቨርም ይጭናል። በ2021 ክረምት ላይ ፕሪንትናይትሜር የተባለ ቀዳዳ ተገኘ። በሱ በኩል አጥቂ የራሱን ኮድ በዚያ ሥልጣን ማስኬድ ይችል ነበር። ማይክሮሶፍት አስቸኳይ ማስተካከያ አወጣ፣ ቀጥሎም የፕሪንተር ድራይቨር ለመጫን የአድሚን ፈቃድ የግድ አደረገ። በ2023 መስከረም ደግሞ የፕሪንተር አምራቾችን ድራይቨር በዊንዶውስ አፕዴት ማቅረብን ደረጃ በደረጃ እንደሚያቆም አስታወቀ። ወደፊት ዋናው መንገድ የዊንዶውስ የራሱ የአይፒፒ ድራይቨር ይሆናል። በ2024 በወጣው የዊንዶውስ 11 እትም ላይ ከተፈለገ የሌሎችን ድራይቨር ጨርሶ የሚዘጋ ምርጫም አለ።

ሐሳቡ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። አንድ ቋንቋ፣ ያለ ድራይቨር፣ ያለ ቀዳዳ። ግን እኛ ጋ ያሉት ማሽኖች ብዙዎቹ አይፒፒ የማይናገሩ ናቸው። ነገ አይቆሙም፣ የተጫነው ድራይቨር መሥራቱን ይቀጥላል። ኮምፒውተሩ ሲቀየር፣ ዊንዶውሱ ሲታደስ ነው ችግሩ የሚመጣው። ቶነሩ የሚገኝ፣ ሮለሩ የሚሠራ ጤነኛ ማሽን ድራይቨር አጥቶ ይጣል የሚባል ነገር ሊዋጥልኝ አይችልም።

እኔ ያደረግኩት ይሄን ነው። ለዊንዶውስ 11 የማይበቃ አሮጌ ዴስክቶፕ ነበረን። ሊኑክስ ጫንኩበት፣ ከፕን አስነሳሁ፣ የ1020ውን ድራይቨር አስገብቼ በዩኤስቢ አገናኘሁት። ከዚያ ከፕ ላይ ሼር አደረግኩት። ከፕ ለውጭ ሰው ራሱን እንደ ዘመናዊ የአይፒፒ ፕሪንተር አድርጎ ያቀርባል። ደንበኛ ዋይፋያችን ውስጥ ሲገባ ስልኩ ላይ ፕሪንተሩ ይታየዋል። ስልኩ ድራይቨር አይፈልግም፣ አሮጌው ፕሪንተርም ስልክ የሚባል ነገር ማወቅ የለበትም። አዲሱ የዊንዶውስ ኮምፒውተራችንም በዚያው መንገድ ነው የሚልክለት።

ይሄን ለመሥራት ብዙ አቅም ያለው ኮምፒውተር አያስፈልግም። የድሮ ማሽን፣ ነጻ ሶፍትዌርና ዋይፋይ ይበቃል። ከስልኩ ከሚልክ ደንበኛ ፍላሽ አለመቀበሉ ብቻውን ለኛ ሥራ ትልቅ እፎይታ ነው፣ ቫይረስ የሚገባው በዚያ በኩል ስለነበር። ኮፒ ቤት ያላችሁ ወይም ትምህርት ቤት ውስጥ ኮምፒውተር የምትንከባከቡ ሰዎች መሞከር ከፈለጋችሁ፣ የፕሪንተራችሁን ሞዴልና የኮምፒውተራችሁን ዓይነት ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ሊኑክስ ላይ ድራይቨር ያለው መሆኑን አብረን እናያለን።